ዓመት የኖረው አባጨጓሬ

ሪያድ፣ መላዝ
ቅዳሜ፣ የካቲት 16 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ንጋቱ፣

ነገሩ የተበላሸው ትናንት አርብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ማዳምና ልጆቿ ከከተማ ወጥተው እኔ ጣሪያው ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ከአየር ማቀዝቀዣው ሲንጠባጠብ የተጠራቀመውን ውሃ ለአትክልቶቼ አጠጥቼ ስጨርስ ቁጭ አልኩና የላክልኝን ፎቶ ከፈትኩ። «ዛሬ ጠዋት ያነሣሁት ነው፤ የእማዬ ጤና አዳም ይኸውልሽ» ያልከውን። በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ከታች በኩል፣ ሦስተኛው ቅርንጫፍ ላይ አንድ አረንጓዴ አባጨጓሬ ተኝቷል። አጠገቡ ያለው ቅጠል ጫፉ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተበልቷል።

ይህን አባጨጓሬ አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ልከህልኝ ነበር። ያን ጊዜ ፎቶው ሰፊ ነበር፤ ዳር ላይ የእማዬ ሰማያዊ ባልዲ ይታያል። አሁን ባልዲው ተቆርጦ ወጥቷል። አባጨጓሬው ግን እዚያው ነው። ያው ቅርንጫፍ፣ ያው ግማሽ ጨረቃ።

ጋሼ፣ አባጨጓሬ ዓመት ሙሉ አባጨጓሬ ሆኖ አይኖርም። ጥቂት ሳምንት በልቶ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ቢራቢሮ ሆኖ ይበራል። ይህን ለማወቅ የእኔ የዕፅዋት ሳይንስ ዲግሪ አያስፈልግም። አራተኛ ክፍል ተምረኸዋል።

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅርታ። እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ እናናዬ እንደምን ናት? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

በወረቀት የጻፍኩልህ፣ በስልክ ጠንከር ያለ ነገር ስጠይቅህ «ሃሎ? ሃሎ? ኔትወርክ ነው» እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ወረቀት ላይ ኔትወርክ አይጠፋም። አንተም በእጅህ ጽፈህ ላክልኝ፤ የእጅ ጽሑፍህ ሲዋሽ ለይቼ አውቀዋለሁ።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ጓሮው አለ?

እማዬ ስትሞት ደማከሴውን፣ ኮሰረቱን፣ ጤና አዳሙን አደራ ብዬህ ነው የወጣሁት። አንድ ኮንትራት ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ፣ በጓሮው የሀገር በቀል ቅመምና መድኃኒት ችግኝ ማፍያ እከፍታለሁ ብያችሁ ነበር። እናንተም አጨበጨባችሁ። ባለፈው ጥቅምት ኮንትራቴ ሲያልቅ ሻንጣ ገዝቼ ነበር። አንተ ግን፦ «ጓሮውን ነጭ ዝንብ ወርሮታል፤ አሁን ብትመጪ ቆመሽ ከማልቀስ በቀር የምትሠሪው የለም። አንድ ኮንትራት ጨምሪ፣ እስከዚያ አጸዳልሻለሁ» አልከኝ። ጨመርኩ። ሌላ ሁለት ዓመት ፈረምኩ፣ ለነጭ ዝንብ።

ስለዚህ መልሱ አጭር ነው። አለ ወይም የለም። ስለ አየሩ ሁኔታ እንዳትጽፍልኝ።

እህትህ ጸደንያ


ቡታጅራ
የካቲት 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለጸዲ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንደምን ነው? ሙቀቱስ ጀመረ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እናናዬ ጉልበቷን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ነጯ ዶሮ ጠፍታ ጎረቤት ተገኘች። ዝናቡ ገና ነው። ስለ አየሩ አትጻፍ ብለሻል፣ ግን ዝናብ ካልተጻፈ ከቡታጅራ ምን ይጻፋል?

ስለ አባጨጓሬው ያልሽውን ለእናናዬ አነበብኩላት፤ ሳቅን። እኔ እንደሚመስለኝ ይኼኛው የዚያኛው ልጅ ነው። ልጅ አባቱን ቢመስል ምን ይገርማል? አባቱ በበላበት ቅጠል ላይ ቢገኝስ? አንቺ እዚህ ሳለሽ በእማዬ ሳህን ካልሆነ አልበላም ስትዪ አልነበር? ባልዲው ደግሞ ተሰብሮ ተጥሏል፤ ለዚያ ነው የማይታየው።

ጓሮው አለ ወይ ብለሽ መጠየቅሽ ግን አሳዘነኝ። ጓሮ የት ይሄዳል? እግር የለው።

አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ደማከሴው ላይ ክሽክሽ ገብቷል። ጥቁር፣ ጥቃቅን፣ ጫፍ ጫፉን ይዞ የሚመጠምጥ። ምን ላድርግ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ምከሪኝ እንጂ አትቆጪኝ። ዓረብ አገር ከሄድሽ ወዲህ «ያላ ያላ» ማለት ለምደሽ እኛንም ማጣደፍ ጀምረሻል።

ወንድምሽ ንጋቱ


ሪያድ፣ መላዝ
መጋቢት 5 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጋሼ ንጋቱ፣

እንደምን ከረምክ? በመሳቃችሁ ደስ ብሎኛል። እዚህ የሳቀ ሰው አልነበረም።

አባጨጓሬ አይወልድም። እንቁላል የምትጥለው ቢራቢሮዋ ናት። ይህን ጉዳይ እዚህ ላይ ዘግቻለሁ።

ክሽክሹን በሚመለከት፣ መድኃኒት እንዳትረጭ። ተራውን የልብስ ሳሙና በውሃ በጣም አቅጥነህ፣ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ቅጠሉን ከበታቹ በኩል እጠበው። ግንዱ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ካየህ መጀመሪያ ጉንዳኑን ከልክል፤ ጉንዳን ክሽክሽን እንደ ላም ነው የሚያልባት፣ ይጠብቃታልም። ቀይዋን ባለ ጥቁር ነጥብ ጥንዚዛ እንዳትነካት፣ ቀኑን ሙሉ ክሽክሽ ነው የምትበላው። ልጆቿ እሷን አይመስሉም፤ ጥቁርና ሻካራ ናቸው፣ ትንንሽ አዞ ነው የሚመስሉት። ብዙ ሰው ተባይ መስለውት ይጨፈልቃቸዋል፣ ከዚያም

ይኸው! እንደገና!

ስለ ጓሮው ጠየቅኩህ። አንተ ክሽክሽ ወረወርክልኝ፣ እኔም ተከትዬ ሮጥኩ። እስከ ዛሬ እንዲህ ነው ስታጫውተኝ የኖርከው። አርብ ዕለት ቁጭ ብዬ የድሮ መልእክቶችህን በሙሉ አነበብኩ። ነጭ ዝንቡን እንዴት አድርገህ እንደገለጽክልኝ ታስታውሳለህ? «ቅጠሉን ስነካው እንደ ዱቄት ብን ብሎ ይነሣል።» ይህ የእኔ ዐረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ስለ ራሴ ጣሪያ ስነግርህ የጻፍኩልህ ነው። የራሴን ተባይ መልሰህ ላክህልኝ፣ እኔም መፍትሔውን ጻፍኩልህ፣ «ሠራልኝ፣ ተባረኪ» አልከኝ። ይህን ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ልነግርህ አልችልም፤ ማዳም ስትጠራኝ እንኳ አልሰማሁም።

በድምፅ መልእክትህ የእኔ አትክልቶች እንዴት እንደሆኑ ጠይቀሃል። የልብህ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን እመልሳለሁ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ያመጣሁት ደማከሴና ኮሰረት አለ። ከዘር ያበቀልኩት ጤና አዳምም አለ። በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው፣ በላያቸው የጥላ መረብ ወጥሬያለሁ። እነሱን የሚያኖራቸው ግን መረቡ ብቻ አይደለም። በንፋሱ በኩል የዚህን አገር ተክሎች ደርድሬአለሁ። እኛ ገባ የምንለው፣ እነሱ ሲድር የሚሉት ዛፍ በትልቅ በርሜል ቆሟል። ከሥሩ ኹዛማ አለ፤ በረሃ ላይ በዝናብ ጊዜ የሚበቅል፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለው ሽቶ ነው። ውሃ ብዙም አይጠይቁም፣ አሸዋውን ይመክታሉ፣ ጥንዚዛዎቹም መጠለያ የሚያደርጉት እነሱን ነው። ኹዛማውን ያስተከለችኝ የማዳም እናት ኡም ሱለይማን ናት። በየሳምንቱ ምርኩዟን ይዛ ወጥታ ታሸተዋለች። ማዳም መጀመሪያ «ይኼ ሁሉ ሣር ምን ያደርጋል?» ብላ ነበር። ናዕናዕ፣ የእኛን ናና፣ ተክዬ ሻይዋ ውስጥ ስጨምርላት ሣር ማለቷን ተወች።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የኬላ ከተማዋ ልጅ ሃይማኖት፣ እዚህ ሪያድ ሱወይዲ ሰፈር የምትሠራው፣ ለፋሲካ አገር ገብታለች። ረመዳን ሳይገባ ትመለሳለች። ቤት ድረስ እንድትመጣ ነግሬአታለሁ። ከእማዬ ኮሰረት አንድ ጭብጥ ቅጠል ቀጥፈህ ስጣት። ሌላ ምንም አልፈልግም። ፎቶም አልፈልግም።

ጸደንያ


ቡታጅራ
ሚያዝያ 21 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጸዲ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ! በዓሉን አንቺን እያነሣን አሳለፍን። እናናዬ ብዙ ሰላም ብላሻለች፣ ዶሮዋም እንደዚያው (ነጯ አይደለችም፣ ነጯን በላናት)።

ሃይማኖትን እስከ ቤት አላደከምኳትም። ልጅቷ መንገደኛ ናት፣ ዕቃ በዝቶባታል፣ እኔ ራሴ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ አቀበልኳት። ኮሰረቱን ዛሬ ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ በገዛ እጄ ነው የቀጠፍኩልሽ። አሽትችው። የእማዬ እጅ ይሸትሻል።

ክሽክሹ በሳሙናው ድራሹ ጠፋ። እግዜር ይስጥልን። እንግዲህ ልብሽን አሳርፊ፤ ኮንትራትሽን በትዕግሥት ጨርሺ፤ ጓሮውም አንቺን ይጠብቃል።

ወንድምሽ ንጋቱ


ሪያድ፣ መላዝ
ሚያዝያ 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ንጋቱ፣

ሃይማኖት ትናንት እሽጉን ሰጠችኝ። ባዲዓ ሰፈር ከሚገኝ አንድ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ተገናኘን። ሳልፈታው አየሁት። ሃይማኖት «ምን ሆንሽ? ክፉ ወሬ ነው?» አለችኝ። «ቃጫ ነው» አልኳት።

ኮሰረቱ በቃጫ ታስሮ ነው የመጣው። ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጦ፤ ቅዳሜ ገበያ ያሉት ሴቶች እስሩን ሲሸጡ እንደሚያስሩት። ንጋቱ፣ ከገዛ ጓሮው ቅጠል የሚቀጥፍ ሰው በቃጫ አያስርም። በመዳፉ ይይዘዋል፣ ቢበዛ በጋዜጣ ይጠቀልለዋል። ደግሞ ጤዛው ሳይረግፍ የተቀጠፈው ቅጠልህ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ቢያንስ ሳምንት ገበያ ላይ ተሰጥቶ የከረመ ነው።

ሃይማኖትን ስለ ቤታችን ጠየቅኳት። «እመጣለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ደወልኩለት» አለችኝ፤ «መጀመሪያ ቤቱ ሰው የለም አለኝ፣ ቀጥሎ እናናዬ አሟታል አለኝ፣ በመጨረሻ ውሻው ይናከሳል አለኝ። ጸዲ፣ እናንተ ውሻ አላችሁ እንዴ?»

ውሻ የለንም።

በቴሌግራም «ለምን እንዲህ ጨከንሽ፣ ስለ ቅጠል ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አዎ፣ ስለ ቅጠል ነው። ዲግሪዬን ይዤ የየቢሮውን በር ስመላለስበት «እንደውልልሻለን» ካሉኝ ሰዎች መካከል የደወለ የለም። እዚህ መጥቼ የሰው ቤት ወለል ስወለውል ያልተዋረድኩት፣ የሚጠብቀኝ ነገር ስላለኝ ነው። ሥራው ሲበዛብኝ ጓሮውን በሐሳቤ እዞረዋለሁ። ከበሩ ገብቼ፣ በጤና አዳሙ አልፌ፣ ጠጅ ሣሩን ታክኬ፣ ደማከሴው ዘንድ እደርሳለሁ። አሁን ስዞረው እግሬ ምን እንደሚረግጥ አላውቅም። ይህን ነው ያደረግህብኝ።

ጋሼ ያላልኩህ ረስቼ አይደለም።

እውነቱን በአንድ ገጽ ጻፍልኝ። ሰላምታ አትጨምርበት። ዶሮ አታስገባበት።

ጸደንያ


ቡታጅራ
ግንቦት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጸዲ፣

ሰላምታ አትጨምር ስላልሽ አልጨመርኩም። ያለ ሰላምታ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር ግን አላውቅም፤ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ጓሮው የለም።

አባጨጓሬ እንደምፈራ ታውቂያለሽ። ልጅ ሆነን አንቺ በእጅሽ ይዘሽ ታሳድጅኝ ነበር፣ እማዬ ትስቅ ነበር። ያን ጥቅምት ጤና አዳሙን ወረሩት። አንቺ «በእጅህ ልቀማቸው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ጸዲ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እናናዬ ፊት እንዴት ብዬ አልችልም ልበል? የእናናዬ ወንድም ኃይሌ የትል መድኃኒት ሰጠኝ፣ ፓምፑንም አዋሰኝ። ፎቶውን ያነሣሁት ልረጭ ስል ነው፤ መጀመሪያ ላሳይሽ ብዬ። ከዚያ ረጨሁ። ጤና አዳሙን ብቻ ብረጭ ደግ ነበር። ለሁሉም ይድረስ ብዬ ሁሉንም ረጨሁ።

በሦስተኛው ቀን ቅጠሉ መጠማዘዝ ጀመረ። ግንዱ እንደ ታመመ ሰው ጣት ተቆለመመ። ውሃ አጠጣሁ፣ አመድ ነሰነስኩ፣ ጠበልም ረጨሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደማከሴው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ ሁሉም አለቀ። ጠጅ ሣሩ ብቻ ቀረ። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ያለውን አንብቤዋለሁ፣ የትል ነው የሚለው።

ልነግርሽ ስልኩን ስንት ጊዜ አነሣሁ። አንቺ ግን ስታነሽው የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ደማከሴው እንዴት ነው?» ነው። ደህና ነው አልኩ። አንዴ ደህና ነው ካልኩ በኋላ ደህና ማድረግ ነበረብኝ። ባዶውን ሲቀር ኃይሌ የብሎኬት ማድረቂያ አደረገው። አሁን እስከ አጥሩ ድረስ ብሎኬት ነው።

ነጭ ዝንቡ ለምን መጣ ላልሽው፣ እመጣለሁ ስትዪ ደነገጥኩ። ምን ታያለሽ? ደግሞ አልዋሽሽም፣ የአንቺ እዚያ መሆን፣ የምትልኪው ብር፣ ይህን ቤት ይዞታል። ስለዚህ ላንቺም ለእኛም ብዬ ነው።

አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ። ለአጎት ባንቴ ግን አትንገሪ፣ አገር ይሰማል። ኃይሌ ብሎኬቱን ሸጦ ሲጨርስ ከገበያ ችግኝ ገዝቼ አስተክልልሻለሁ። ሁሉም ኮሰረት አንድ አይደለም እንዴ?

ወንድምሽ


ሪያድ፣ መላዝ
ግንቦት 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

ንጋቱ፣

ደብዳቤህን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ካንተ ከደረሱኝ ሁሉ የመጀመሪያው እውነተኛ ደብዳቤ ነው፤ ለዚያ አመሰግንሃለሁ።

መጀመሪያ ያልገባህን ልንገርህ። መድኃኒቱ አይደለም የገደላቸው፣ ፓምፑ ነው። ኃይሌ በዚያ ፓምፕ ስንዴው ላይ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ይረጭበታል። ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም እያጠማዘዘ የሚገድል፣ ስንዴን ግን የማይነካ። ሰው ፓምፑን አንዴ አለቅልቆ የጸዳ ይመስለዋል። አይጸዳም፤ ጥቂት ጠብታ ከቀረ ለደማከሴ ይበቃል። ጠጅ ሣሩ የተረፈው እንደ ስንዴው የሣር ወገን ስለሆነ ነው። በዚህ አላዝንብህም። የትኛውም ቤት የሚደርስ ስሕተት ነው። ያን ዕለት ብትነግረኝ አልቅሼ፣ ሰድቤህ፣ በሳምንቱ ከዚህ ዘር እልክልህ ነበር። ዛሬ ጉልበትህ ድረስ በደረሰ ነበር።

አሁን ደግሞ እዚህ የሆነውን ስማ፣ ምን እንደወሰንኩ እንዲገባህ።

ሐሙስ ማዳም ለዒድ እንግዳ ስለሚመጣ ቤቱን ከላይ እስከ ታች የሚረጭ ሰው አስጠራች። ለእኔ አልነገረችኝም። ልብስ ላሰጣ ስወጣ አንድ ልጅ ጭምብል አድርጎ፣ ፓምፕ አዝሎ ከኋላዬ ወደ ጣሪያው ይወጣል። ሙሄ ይባላል፣ የከሚሴ ልጅ ነው። ፓምፑን አየሁ። በዓለም ላይ የእማዬ ደማከሴ የቀረው ከእኔ ጀርባ፣ በቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆምኩ።

«ወንድሜ፣ በዚህ ፓምፕ ከዚህ በፊት ምን ረጭተህበታል?»

«እህቴ፣ በዚህ ፓምፕ ያልረጨሁት እኔን ብቻ ነው።»

«እንግዲያው አታልፍም።»

«ኧረ በአላህ! ጣሪያውን ብለው ነው የላኩኝ። ያለ ሥራ ልታስቀሪኝ ነው?»

ጫጫታውን ሰምታ ማዳም ወጣች። «ጸደንያ፣ ከበሩ ዞር በይ። ለዒድ እዚህ ላይ ነው የምንቀመጠው፣ ነፍሳት አልፈልግም።»

«ማዳም፣ ለዒድ ሻይ ናዕናዑን ከየት ልቀጥፍ?»

«ከገበያ ይመጣል።»

«በገበያ ናዕናዕ የተፈላውን ኡም ሱለይማን አይጠጡትም። የውሃ ታንከሩም እዚሁ ነው። የሚረጨውን ለእንግዶቹ ልታጠጫቸው ነው?»

«መሐንዲስ ነሽ እንዴ አንቺ?»

«አይደለሁም። የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ጠይቀሽኝ አታውቂም እንጂ።»

ይህን ስል ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም። ከደረጃው የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ። ኡም ሱለይማን እያለከለከች ወጥታ፣ ፓምፑን አየች፣ ኹዛማዋን አየች፣ ከዚያ ልጇን አየች። ያለቻትን ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝን ደግሞ አልጽፍልህም። «ኸላስ፣ በቃ» ብላ ማዳም ወረደች።

ሙሄ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ደረጃውንና የፍሳሽ ክዳኑን ረጭቼ እሄዳለሁ። አሠሪዬ ከጠየቀኝ ጣሪያው ላይ አንዲት እብድ ነበረች እለዋለሁ።»

«በለው።»

ደማከሴ ቀጥፌ ሰጠሁት። ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ አሸተተው፣ እንደገና አሸተተው። «ይኼንን ነው ልረጭ የነበረው?» አለኝ። ቅጠሉን ጭምብሉ ውስጥ ሸጉጦ ወረደ።

አየህ፣ ያ ልጅ አያውቀኝም። የእማዬን ስም ሰምቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብነግረው ገባው።

በማግሥቱ ማዳምን ኹሩጅ እንድታወጣልኝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከአገሩ እንድታሰናብተኝ ጠየቅኳት። ተቆጣች፤ «ኮንትራት ፈርመሻል» አለች። ልክ ናት፣ ፈርሜአለሁ። በሌለ ተባይ ተታልዬ እንደፈረምኩ ግን ነገርኳት፣ ያንተን ጉድ በሙሉ። ሰምታ ሰምታ «ወንድምሽ ነው እንዲህ ያደረገሽ? የእናትሽ ልጅ?» አለች። ከሐጅ በኋላ፣ ሌላ ሠራተኛ ስታገኝ ትለቀኛለች። ኡም ሱለይማን ምስክር ሆና አስማለቻት። ኹዛማውን እንዴት እንደምትንከባከብ አሁን እያስተማርኳት ነው። ክሽክሽ ስታይ ትጮኻለች፤ ጥንዚዛ ስታይ ትመርቃለች። የጥንዚዛዋን ልጆች ትናንት በምርኩዟ ልትጨፈልቅ ስትል ደረስኩባት፤ አሁን ለይታቸዋለች።

ስለዚህ መስከረም ሳይጠባ ቡታጅራ ነኝ። ከደማከሴውና ከጤና አዳሙ ዘር እየሰበሰብኩ ነው፤ ኮሰረቱን ቆርጬ ሥር አስይዣለሁ። አየር ማረፊያ ስደርስ የዕፅዋት ቁጥጥር ያለበት ቦታ ሄጄ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ አሳያለሁ። መደበቅ የአንተ ሥራ ነው።

በመጨረሻው መልእክትህ «ታዲያ ከእኔ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለሃል። የምፈልገውን ሳይሆን ከእንግዲህ የማልቀበለውን ልጻፍልህ፣ እሱ ይቀለኛል።

ብሎኬቱ አጥር ሥር ቆሞ እንዲጠብቀኝ አልቀበልም። ኃይሌ ሸጦ እስኪጨርስ የሚባል ነገር የለም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ያንሣው፣ ካላነሣው እኔ መጥቼ በመንገዱ ላይ እደረድርለታለሁ። መሬቱ ስንት ጊዜ መገልበጥ እንዳለበት ሳየው አውቃለሁ፤ እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይረጭበት። ለአጎት ባንቴ አትንገሪ ያልከውንም አልቀበልም፤ ትናንት ነግሬዋለሁ። ሁሉም ኮሰረት አንድ ነው የምትለውን አልቀበልም። የእማዬ ከሆነ አንድ አይደለም፤ አንተም ይህን ታውቃለህ፣ ባታውቅ አትደብቀኝም ነበር።

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። «ላንቺ ብዬ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። ለእኔ ብለህ አንድ ነገር ልታደርግ ከፈለግህ፣ ስመጣ በሩን ክፈትልኝና ዞር በል። ጤና አዳሙ ሲያድግ አባጨጓሬ ይመጣል፤ እኔ እለቅመዋለሁ፣ ጥቂቱንም ቢራቢሮ እንዲሆን እተወዋለሁ። አንተ ብትፈራው አላፍርብህም። ፈርተህ ደህና ነው ብትለኝ ግን፣ ያንን ከእንግዲህ አንድ ቀን እንኳ አልቀበልም።

ጸደንያ